አምስት ደቂቃ አይበቃም

እኛ ወንጌላውያን ወጣቶች ስደተኛን እንወዳለን፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ከበለጠ መድረክ መሪው ሰዓቱን ያያል፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ቁልፎቹን በቀስታ መነካካት ይጀምራል፣ መስካሪዋም ምልክቱ ይገባትና ታሪኳን ቶሎ ብላ "ጌታ ግን አወጣኝ" ወደሚለው ታደርሰዋለች። እልል እንላለን። የመዝሙር ቡድኑ ይወጣል።

ምስክርነትን ማጣጣሌ አይደለም። ከመከራ የወጣ ሰው አምላኩን በጉባኤ ቢያመሰግን የተገባ ነው። ጠቤ ከልማዳችን ጋር ነው፤ መድረካችን የሚቀበለው መጨረሻው ያማረ ታሪክ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከሳዑዲ ተመልሳ የደላላው ዕዳ ገና ያልተከፈለላት፣ ወንድሟ የመን ከገባ ወዲህ ድምፁ የጠፋባት፣ ተመልሳ ለመሄድ በልቧ የምታወጣና የምታወርድ እህት የት ትቁም? ታሪኳ አላለቀም። ስለዚህ አንጠራትም። በምትኩ ከጸሎት ርዕሶች አራተኛው ላይ "ስደተኞች" ብለን እንጽፍና ስሟን ሳናነሳ በሩብ ደቂቃ እናልፋታለን። ይህ ከንፈር መምጠጥ ነው። ዓይን ተጨፍኖ ስለተደረገ ሌላ ስም አይወጣለትም።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ እንግዳ የሚመስል ነገር ልናገር፦ በዚህ ጉዳይ ከአንትሮፖሎጂ ሰዎች መማር አለብን። አንትሮፖሎጂ ሰውን በሚኖርበት ቦታ አብሮ ኖሮ የሚያጠና ትምህርት ነው። አጥኚው መጠይቅ በትኖ አይመለስም፤ ቤት ተከራይቶ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ ሰርግ ተጠርቶ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ከእነርሱም መካከል ያጠኑትን ለዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ብቻ የማይተዉ፣ ይዘውት ወደ አደባባይ የሚወጡ፣ አብረው ስለኖሩት ሰው የሚሟገቱ አሉ። እንማር የምላችሁ ከእነዚህ ነው።

የምጽፍላችሁ ከአምበር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሁሉ በመካከላችን ያልፋል፤ አብዛኛው በመስኮት አይቶን፣ እናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው። መንገድ ዳር ያለ ከተማ የሄደውንም የመጣውንም ያውቃል ይባላል። እኔ እጠራጠራለሁ። ከዚህ አካባቢ ጎረምሳው ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ ያዞራል፣ ሲሚንቶ ይሸከማል። ልጃገረዷ አረብ አገር ትሄዳለች። ሰው ያልሄደበት ቤት ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። እንዲህም ሆኖ ከአረብ አገር ለተመለሰችው የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ስንት ይዘሽ መጣሽ?" ነው። ከወለጋ ወይም ከመተከል ሸሽቶ ጓሮ ቤት የተከራየውን ደግሞ ምንም አንጠይቀውም፤ "ተፈናቃዩ" እንለዋለን። አባቱ ከዚሁ ከጎጃም ወጥቶ የሄደ ሊሆን ይችላል። እዚያ "መጤ" ተብሎ ተባረረ፣ እዚህ "ተፈናቃይ" ተብሎ ተቀመጠ፤ በሁለቱም ቦታ ስሙን የጠየቀው የለም።

"መጤ" በምትለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የጎጃምን የርስት ሥርዓት አጥንቶ ነበር፤ መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ። በውስጡ ያለው አያቶቻችን የሚያውቁት፣ እኛ የረሳነው ነገር ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ሰው በብዙ ቦታ መብት ሊያነሳ ይችል ነበር፤ ይዞ የሚያርሰው ግን ከዚያ ጥቂቱን ነው። የትኛው መሬት የማን እንደሚሆን በዘር ቆጠራ፣ በሙግት፣ በጋብቻና በሰው ድጋፍ ይለይ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ አገሬውና መጤው በሁለት ማኅፀን የተፈጠሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ጥቂት ትውልድ ወደ ላይ ቁጠሩ፤ እናንተም ከሌላ ደብር የመጣችሁ ሆናችሁ ትገኙ ይሆናል።

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንሂድ፤ ወደ መተከል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ ከተጎዱትና መሬት ከጠበባቸው አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አንስቶ በሌላ ቦታ አሰፈረ። ከእነዚህ ወደ 80,000 የሚጠጉት በበለስ ሸለቆ፣ ዛሬ ጳዌ በምንለው አካባቢ ወረዱ። መተከል ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር ነበረ። ከወሎ የመጡ ነበሩ፤ ከከምባታና ከሀዲያ የመጡም ነበሩ፣ ከእነዚህም መካከል መዝሙራቸውን ይዘው የመጡ ወንጌላውያን ነበሩባቸው። ስለ ሰፋሪዎቹ በጊዜው ብዙ ተብሏል። መንግሥት "ተረጂው አምራች ሆነ" አለ። ተቃዋሚው "በጠመንጃ የተጋዘ ሕዝብ" አለ። አሉላ ፓንክረስት ወለጋ ውስጥ ቄቶ በተባለው የሰፈራ ቦታ ከሰፋሪዎቹ ጋር ኖሮ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ከሁለቱም ወሬ ጋር በልክ አይገጥምም። ጥያቄው "ፈቅደው ነው ወይስ ተገደው?" የሚል ነበር፤ ሰዎቹ ግን የኖሩት በሁለቱ መካከል ነው። ረሃብ እየገፋ፣ ተስፋ እየሳበ፣ ካድሬ እየጎተጎተ፣ ዘመድ ሲሄድ አይቶ የሄደ ሰው በየትኛው ሳጥን ይግባ? መልሱ የሚገኘው ሰውዬው ሲናገር እስከ መጨረሻው ከተሰማ ነው።

ለጎጃም ሰው ይበልጥ የሚቆረቁረው ግን የወልደ ሥላሴ አቡቴ ሥራ ነው። ይህ ኢትዮጵያዊ አንትሮፖሎጂስት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ መተከልን ከአንድ ወገን አላየም፤ ሰፋሪውንና ጉሙዙን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ደርግ "ባዶ መሬት" ያለው ለጉሙዙ ባዶ አልነበረም። እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ ማር የሚቆርጥበት፣ የሚያድንበት፣ በክፉ ቀን ሥራ ሥር ቆፍሮ ልጆቹን የሚያጠግብበት ጫካ ነበር። ትራክተሩ ያን ጫካ ነው የገለበጠው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ትዝታ አለ፤ ከደጋ የወረደን ሰው ባሪያ ፈንጋይ ሆኖ ያወቁ ትውልዶች ትዝታ። ያን ፈንጋይ ማን እንደላከው ልንከራከር እንችላለን። ከደጋው፣ ከእኛም ወገን የወረደ መሆኑን ግን መካድ አንችልም። ሰፋሪውም በበኩሉ ከሞቀ ቤቱ ተነቅሎ ወባ ባለበት ቆላ ልጆቹን ቀብሯል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ጭፍጨፋ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ በሸራ ሥር ሲወድቁ፣ አማራው፣ አገው፣ ሺናሻው፣ እኛ ብርድ ልብስ ሰበሰብን። መልካም አደረግን። በዚያው ሰሞን ስለ ጉሙዝ በየታክሲው፣ በየፌስቡኩ፣ አንዳንዴም ከጸሎት በኋላ በደጃፍ ላይ ምን እንደተባለ ታስታውሳላችሁ። መላውን ሕዝብ ገዳይ አደረግነው። የወልደ ሥላሴ መጽሐፍ ያኔ ከወጣ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በእንቅልፉ ላይ ያለን ሕፃን መግደልን የሚያቀልል ታሪክ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ የትም የለም። ሆኖም የተገፋውን ጎረቤት ታሪክ የማያውቅ ሰው ለተፈናቃዩ ያለቀሰው እንባ ሳይደርቅ ወደ ሌላ ጥላቻ ይሻገራል። የታሪክ ተመራማሪው ጸጋ እንዳለው "ሚቹ" ስለሚባለው፣ የመተከል ጉሙዝ ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ስለሚገባው የወዳጅነት ቃል ኪዳን ጽፏል። ከእኛ ስንቱ ሰምቶታል? ብርድ ልብሱን ስንሰበስብ ያንን በአንድ ገጽ ብናነብ ኖሮ ወሬያችን ሌላ በሆነ።

ወገናችን ለሆነ ሰው ማዘን አይከብድም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን ሊቢያ ውስጥ ሲታረዱ የሚያሳየው ቪዲዮ በወጣ ጊዜ አገር በሙሉ አለቀሰ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ማልቀስ ተገቢ ነበር። ፈተናው የሚመጣው የተባረረው ሰው በእኛ እጅ የተባረረ ሲሆን ነው። ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ኤርትራ የተባረሩትን አስቡ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች 75,000 ያህል ይሆናሉ ይላል። ጎረቤት ነበሩ፣ የክፍል ጓደኛ ነበሩ፣ በየአጥቢያው አብረውን የዘመሩ ነበሩ። የገዳን ሥርዓት በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ለዓለም ያስተዋወቀው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሰ ከእነዚያ ሰዎች አፍ የሰማውን ሰብስቦ በ1998 እ.ኤ.አ. ለአደባባይ አወጣው። "እርሱ ኤርትራዊ ነው፣ ወገናዊ ነው" ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ለወገኑ ቆሟል። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አባርራለች፤ ያንን መሰብሰብ የእኛ ድርሻ ነበር። የእርሱን ስላልወደድነው የተባረሩት ሰዎች አልተባረሩም አይባልም። ዛሬ ደግሞ የኤርትራ ስደተኞች በዚሁ በክልላችን፣ ዳባት ውስጥ ዓለምዋጭ በተባለው መጠለያ ይኖራሉ። ከአምበር ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። ስለ እነርሱ የምናውቀው ምንድን ነው?

ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁና ወደ ተቃውሞዎቹ እመጣለሁ። ዌንዲ ጄምስ እንግሊዛዊት አንትሮፖሎጂስት ናት። በሱዳን ሰማያዊ ዓባይ አውራጃ ቻሊ በተባለ ቦታ ከሚኖሩት ከኡዱክ ሕዝብ ጋር ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖራ ቋንቋቸውን ተምራለች። ኡዱኮች ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ወንጌልን የሰሙት ከኤስ.አይ.ኤም. ነው፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከሥራው ከበቀለችለት ከዚያው ሚሽን። በ1964 እ.ኤ.አ. ሚሲዮናውያኑ ከሱዳን ሲባረሩ ቤተ ክርስቲያኑ በራሳቸው እጅ ቀረ። በ1987 እ.ኤ.አ. መንደራቸው በጦርነት ሲቃጠል በእግራቸው ወደ እኛ አገር፣ ወደ አሶሳ አካባቢ መጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ እዚያው ደረሰባቸው። ሸሹ፤ ሱዳንን አቋርጠው ጋምቤላ፣ ኢታንግ ገቡ። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. እንደገና ወደ ሱዳን፣ ወደ ናስር። ከዚያ እንደገና ወደ ጋምቤላ፣ በመጨረሻም በ1993 እ.ኤ.አ. ቦንጋ (የካፋው አይደለም፣ ጋምቤላ አጠገብ ያለው)። በስድስት ዓመት ውስጥ ድንበሩን ደጋግመው ተሻገሩ፣ እየቀበሩ ተሻገሩ።

ዌንዲ ተከትላቸው መጣች። ከሃያ ዓመት በፊት የምታውቃቸውን ሰዎች በስማቸው እየጠራች ፈለገቻቸው። በቋንቋቸው ነገሯት። በእርስዋ ዕውቀት ላይ የቆመው ፊልም በ1993 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራሳቸው ድምፅ የሞላበትን መጽሐፍ አሳተመች። በሥራዋ ውስጥ መዝሙራቸውም በክራር መሰል መሣሪያ የሚዘፍኑትም፣ ሞትም ቀልድም አለ። አዎን፣ ቀልድ። በጥላው ሥር ተቀምጦ የሚስቅ ስደተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ስላይድ ላይ የለም። እኛ የምናሳየው እጁን የዘረጋ፣ ዝንብ የወረሰው ሕፃን ነው፤ ያንን ሕፃን አይቶ ሰው ብር ይሰጣል፣ ከዚያ ያንን ሕፃን ከራሱ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ፍጡር አድርጎ ማሰብ ያቅተዋል። የሚያስቀው ነገር ያወቅነውን ሰው ግን "እነርሱ" ለማለት ምላሳችን ይይዘናል።

አሁን ተቃውሞው። አንደኛው "ቃሉ ይበቃናል" የሚል ነው። ቃሉ እንግዳን እንድትወዱ ያዝዛል፤ እንግዳዋ ማን እንደሆነች፣ ለምን ወደ ቤቷ እንደማትመለስ ግን ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ አይነግራችሁም። ሩትን አንብቡ፣ አራት ምዕራፍ ናት። ቦዔዝ ለሞዓባዊቷ ቃርሚያ ከመፍቀዱ በፊት ይህች የማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ ሲያነጋግራትም ታሪኳን ሁሉ ሰምቶ ነበር። መጀመሪያ ጠያቂ ነበር፣ ሰጪነቱ ከዚያ መጣ።

ሁለተኛው "የራሳችን ቤት እየነደደ ስለ ሌላው?" የሚል ነው። ይህን የሚሉትን አልቆጣቸውም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልላችን በምን እንደሚኖር ለአምበር ሰው አልነግረውም። ግን ልብ በሉ፤ ይህን መልስ ለእኛም የሚመልሱልን አሉ። ጅዳ ውስጥ፣ ቤይሩት ውስጥ፣ አዲስ አበባ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ልጆቻችን የሚሰሙት ይህንኑ ነው፦ የራሳችን ችግር ይበቃናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተማሩት የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም ጠንካራው እርሱ ነው። አንትሮፖሎጂ ለቅኝ ገዢዎች አገልግሏል ይላሉ። እውነት ነው። የድሃን ታሪክ ወስዶ ዶክተር የሆነ፣ ባለታሪኩ በማያነበው ቋንቋ ጽፎ ያልተመለሰ ብዙ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ስለ ጎጃም እንኳ ከተጻፈው ብዙው የጎጃም ገበሬ በማያነበው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እንድትወስዱ የምፈልገው ማዕረጉን አይደለም፤ ትዕግሥቱን ነው። ደግሞም ወደ አደባባይ የሚያወጣበትን ዘዴ። አሪዞና ውስጥ ጄሰን ዴ ሊዮን የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከሜክሲኮ ሊሻገሩ ሲሉ በሶኖራ በረሃ የሞቱትን ከ3,200 በላይ ሰዎች፣ በአስከሬን ጣት ላይ በሚታሰረው ዓይነት ካርድ፣ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እንዲጽፉ አደረገ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የሞቱበት ምክንያት፣ የተገኙበት ቦታ። ስማቸው ላልታወቀው ካርዱ ብርቱካናማ ነው። ከዚያ ካርዶቹ በትልቅ የግድግዳ ካርታ ላይ በየወደቁበት ይሰቀላሉ። ቁጥሩን ማንበብ አንድ ነገር ነው። የአንድን የሃያ ዓመት ልጅ ስም በራስ እጅ ጽፎ በካርታ ላይ ማንጠልጠል ግን ይቆያል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች የመንን አቋርጠው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ዘርዝሮ አውጥቷል። የእነዚያን ካርድ የጻፈ የወጣቶች ኅብረት ካለ ንገሩኝ።

ወደ እናንተ ልምጣ። የሚቀጥለውን ኮንፈረንስ መሪ ቃል "ስደተኛው" ብላችሁ ቲሸርት ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ሰው ፈልጉ። አንድ ብቻ። ከኅብረታችሁ ሁለት ታጋሽ ልጆች መድቡ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ደግ ነው፤ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት ለወንድ የማትነግረው ብዙ ነገር አላት። ለዓመት ያህል ይመላለሱ። ስልክ አውጥተው አይቅረጹ፤ ቲክቶክና ቴሌግራም የሚባል ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ። "ምን ደረሰብሽ?" ብለው አይጀምሩ፤ ያንን ፖሊስም ጠይቋታል። እዚያ ቤት ቁርስ ምን እንደነበረ፣ የአሰሪዋ ልጆች ማን ብለው ይጠሯት እንደነበር፣ እሁድ እሁድ የት እንደምትሄድ፣ ለማን ብር እንደምትልክ፣ አሁን ለማን ዕዳ እንዳለባት ይጠይቁ። የሰሙትን በአማርኛ ይጻፉ። ከጻፉ በኋላ ለእርስዋ ያንብቡላት፤ ይውጣ ያለችውን ያውጡ፣ ስሜ ይቀየር ካለች ይቀየር። ከዚያ፣ እርስዋ ከፈቀደች ብቻ፣ በቅዳሜው ፕሮግራም፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በዚህ መጽሔት ይነበብ፤ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ አርባ ደቂቃ። ኪቦርዱ ይጠፋ። ታሪኩ ያለ "ግን" ቢያልቅ ያለ "ግን" ይለቅ፤ መጨረሻውን እናንተ አትጨምሩለት።

እምቢ ልትላችሁም ትችላለች። ብዙዎቹ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፤ ተጠይቀው የማያውቁ ናቸው፣ ወይም ተጠይቀው የተጎዱ። ያን ጊዜ ስለ ፍቅር አትስበኩላት። መንገድ ዳር ጀበናዋን ጥዳ ከሆነ ተቀመጡ፣ ቡናዋን ጠጡ፣ ሒሳቡን ክፈሉ። በሳምንቱ ተመለሱ።